የሙዝ ጠባሿ ቃል

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሲሎም ጎዳና
ድንጋይ ስሸጥ ኖርኩኝ በሒሳብ መኪና፤
ቁጥር ስነካለት፣ ገዢው ራሱን ሲነቀንቅ፣
ከወረቀቱ እጥፋት ሰንፔሩ ሲያንጸባርቅ፣
«ውድ ነው»ን፣ «ርካሽ»ን፣ «ነገ ና»ን አውቄ
ከዚያ በላይ ላለው ዝምታን አጥብቄ።

ኒሃል የሞተ ለት፣
ከሆስፒታል ስመጣ ቁልፌ ጠፍቶኝ ከበራፍ ፊት፣
ፓ ላምዱዋን መጣች፣ ሙዝ ጠባሿ ጎረቤት፤
ከሰል ያጠቆረው ጣቷን በእጄ ጭና
አንድ ነገር አለች፣ ቀስ ብላ፣ ደግሞ እንደገና።
እኔም «ኮፕ ኩን ካ» አልኳት፣ አመሰግናለሁ።
ምኑን እንደሆነ ዛሬም እጠይቃለሁ።

በዝናቡ ማግሥት ልጇ መጥቶ ወሰዳት፣ ጥጓ ባዶ ቀረ፤
ቃሏ ግን ከጆሮዬ፣ እንዳልተከፈተ ፖስታ፣ ሳይነበብ ኖረ።

ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጣሁ በሃምሳ አራቴ፤
ስንጥቅ የሚፈልግ ዓይኔን ይዤ ከቤቴ።

የመጀመሪያው ሰው፣ ከባቡር ጣቢያው ሥር፣
«ቪዛሽ መቼ ያልቃል?» ብሎ ጀመረ መቁጠር።
«ዓመት እንሰጥሻለን፤ መምጣትም አይጠበቅብሽ፤
ሰላምታና ቁጥር ይበቃል፣ ፖሊስ ቢጠይቅሽ።»
ግድግዳው የተመራቂ ፎቶ ሞልቶታል፤
ክፍሉ ግን አንድ ወንበር የለውም።
ብርጭቆ ቀይ ቀብቶ ሩቢ ነው የሚል ሰው፣
በምንም ቋንቋ ይምጣ፣ አውቀዋለሁ፤ ያው ነው።

ሁለተኛው የመስታወት ፎቅ፣ አየሩ የቀዘቀዘ፣
ተቀባዩ ወጣት፣ ፈገግታው የታዘዘ፤
ከአንድ እስከ ስምንት ደረጃ፣ ዋጋው በየእርከኑ፣
ሃያ በመቶ ቅናሽ፣ ዛሬ ካልከፈልኩ የሚያልፍ ቀኑ።
ለሙከራ አስገቡኝ፤ አንድ ኖርዌያዊ፣ ሁለት ጃፓናውያን ሙሽሮች፣
«አናናሱ የት ነው? አናናሱ እዚህ ነው» ስንል እንደ ልጆች።
ክፉ አልነበረም። ሳቅሁም። አስተማሪዋ ጎበዝ ናት።
ሐዘን ግን ደረጃ ሰባት ላይ ነው አሉኝ፣ ምናልባት።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ስሄድ ልብስ ላሳጥብ፤
ከማጠቢያው ቤት በላይ፣ ደረጃው የሚያንሸራትት፣ ጠባብ።
ክሩ ኦራፒን፣ ጡረተኛ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ፣
ነጭ ሰሌዳ፣ አራት ወንበር፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ ሀብቷ።
ዋጋ አልነገረችኝም። «ምን ማለት ፈልገሽ ነው?» አለች።
«ማለት አይደለም» አልኳት፤ «አንዲት ሴት አንድ ነገር አለች።»

ዓይኔን ጨፍኜ አዜምኩላት፣ ቃሉ የጠፋበትን ዜማ፣
ከፍ፣ ዝቅ፣ ጠምዘዝ፣ እንደ ውኃ በቱቦ ሲሰማ፤
ከመጨረሻው ላይ ብቻ «ማይ ክላይ» ተርፎኛል፣ የድንጋይ ፍርፋሪ።
እሷም ሁለት ቃል ጻፈች፤ ለእኔ ጆሮ ግን አንድ ጥሪ።

«‹ክላይ› ሜዳ ለሜዳ ከሄደ፣ ሩቅ ማለት ነው፤
‹ክላይ› ከላይ ተነሥቶ ከወደቀ ግን፣ ቅርብ ነው።
‹ሩቅ አይደለም› ብላሽ ይሆናል ስለ ባልሽ፣
ወይም ‹ቅርብ አይደለም፣ አትጠብቂው› ልትልሽ።
ድምጿ ወድቆ ነበር? ወይስ ቀጥ ብሎ ሄደ?»

ማራገቢያው ዞረ። ከታች ማጠቢያው አንጎደጎደ።
እጇ ይሞቅ ነበር አልኳት።
ሌላ አላስታውስም።

«እንግዲያው አልገምትም» አለች፣ ማርከሯን ከደነች፤
ያላየችው ድንጋይ ላይ ዋጋ የማትቆርጥ ነች።
የአንድ ወር ከፈልኩ፣ ሳልከራከር፣ በሕይወቴ መጀመሪያ።

«ክላይ፣ ክላይ» እያልኩ ወረድኩ፣ አንዴ ስጥል አንዴ ሳቀና፤
ከመንገዱ አፍ ላይ ሞተር ነጂ አየኝ፣ ትሄዳለች አለና
«ማይ ክላይ! ማይ ክላይ!» አለ፣ ኮርቻውን በመዳፉ መትቶ።
ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣
ልብሴ በፌስታል እንደተንጠለጠለ፣
ጣቴን አነሣሁ፦ እንደገና በለው።
ሳቀብኝ።
ደግሞ አለው።